ድሬ ላይ ዲጄ ለመሆን፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ከዚራ ሰፈር ቁጭ ስንልም፣ በቴሌግራምም፣ ሰርግ ቤት እቃ ስንጭንም የሚመጣልኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ አንድ ላይ ልጻፈው አልኩ። የማወራው ስለ ኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ነው፤ ሃውስ፣ ቴክኖ፣ አፍሮ ሃውስ፣ አማፒያኖ የመሳሰሉት። ነገር ግን የድሬ ሰው ያለ ሀገር ቤት ዘፈን አይጨፍርምና እሱንም ጨምሬበታለሁ። ሐረር ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱን ከሚመለከተው ክፍል በቀር ሁሉም ይሠራላችኋል።

አቦ፣ መጀመሪያ ምን ልግዛ?

ለጊዜው ምንም አትግዛ። የምሬን ነው። ብዙ ልጅ ከወንድም ከእህት ተበድሮ ኮንትሮለር (ዘፈኖቹን በእጅ የምትቆጣጠርበት እቃ) ይገዛል፣ ከዚያ ሁለት ዘፈን ማገናኘት ሲያቅተው እቃው አልጋ ስር ይገባል። ቤት ወይም ጓደኛ ጋ ላፕቶፕ ካለ ሚክስክስ የሚባል ነፃ የዲጄ ሶፍትዌር ጫንበት። በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል፤ አንዴ ካወረድከው ኢንተርኔት አይጠይቅህም።

ትንሽ ብር ካለህ ሄድፎን ላይ አውለው። ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ባለገመድ ይሁን። ብሉቱዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ እጅህ የነካውን ጆሮህ በሰዓቱ አይሰማውም።

ከዚያ ሠላሳ ዘፈን ምረጥ። ሠላሳ ብቻ። ከበሮው የት እንደሚገባ፣ ቤዙ (ወፍራሙ የታች ድምፅ) የት እንደሚወጣ፣ ዘፋኙ መቼ ዝም እንደሚል ዓይንህን ጨፍነህ እስክታውቅ ድረስ ደጋግመህ ስማቸው፤ ባጃጅ ውስጥም ቢሆን፣ ወረፋ ስትጠብቅም ቢሆን። ሺህ ዘፈን በፍላሽ ይዞ የሚዞር ግን አንዱንም ከመሃሉ የማያውቅ ዲጄ ሁልጊዜ ሲደናገጥ ነው የማየው። ሠላሳውን የሚያውቅ ልጅ በሰው ኮንትሮለርም ይጫወትባቸዋል።

ላፕቶፕ የለኝም፣ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። ይቻላል?

ይቻላል። ኤጂንግ፣ ክሮስ ዲጄ፣ ዲጄይ የሚባሉ አፖች አሉ። ሁለት ዘፈን ጎን ለጎን ያስከፍቱሃል፣ ፍጥነት ያስተካክሉልሃል። ስክሪን ላይ በጣት መግፋት ፌደር (ኮንትሮለር ላይ ያለውን ተንሸራታች ቁልፍ) እንደመያዝ አይመችም፤ ቢሆንም ምት መቁጠርና ዘፈን ከዘፈን ማስከተል በስልክም ይለመዳል፣ ከባዱም እሱ ነው።

የልምምድ ሰዓት ከተማዋ ራሷ ሰጥታሃለች። ድሬ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁም ሰዉም ያርፋል፣ ፀሐዩ እስኪበርድ ውጪ የሚወጣ የለም። በዚያ ሰዓት ስፒከር እንዳትከፍት፣ ጎረቤት ተኝቷል። ሄድፎንህን አድርግና ሥራህን ሥራ።

ኮንትሮለር የምገዛ ከሆነስ የትኛውን? ያገለገለ ይሻላል?

ሁለት ቻናል ያለው፣ ማለትም ሁለት ዘፈን ጎን ለጎን የሚይዘው ትንሹ ይበቃሃል። ፓዮኒር ዲዲጄ-400ን ወይም እሱን የተካውን ዲዲጄ-ኤፍኤልኤክስ4ን ብታገኝ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ስለሆነ የሚያሳይህም፣ ስትሸጠው የሚገዛህም አታጣም። ሄርኩለስ ኢንፐልስ 300 ደግሞ ሁለቱ ዘፈኖች ሲዛነፉ በመብራት እየጠቆመ ያሳይሃል፣ ለጀማሪ የታሰበ ነው። አራት ቻናል ያለውን ትልቁን አሁን አትመኘው።

ያገለገለ መግዛት ነውር የለበትም። ነገር ግን በሰው በኩል የመጣ እቃ ዋስትና የለውም፣ ስለዚህ ሳትሞክር ብር እንዳትሰጥ። የራስህን ላፕቶፕና ገመድ ይዘህ ሂድ። ዘፈን ክፈትና እያንዳንዱን ፌደር በጣም በዝግታ ከታች ወደ ላይ ግፋው። ሲንኮሻኮሽ ከሰማህ፣ ወይም ድምፁ ዘሎ ከመጣ ፌደሩ አልቋል። ወደ ታች ሙሉ በሙሉ ዘግተኸውም ከሥር ቀጭን ድምፅ የሚሰማ ከሆነ እንደዚያው። ሁሉንም ቁልፍ አዙር፣ ሁሉንም ፓድ ተጫን። የዩኤስቢ ገመዱን ከተሰካበት ቀስ ብለህ ነቅነቅ አድርገው፤ ከላፕቶፑ ጋር የሚለያይ ከሆነ ተወው፣ መድረክ ላይ ጉድ ይሠራሃል። ሄድፎንህን ሰክተህም ግራና ቀኙን ስማ። ሻጩ ሲቸኩልብህ አንተ አትቸኩል።

ለገመድ፣ ለጃክና ለፍላሽ ታይዋን ገበያ ይበቃል። ሁለት ዓይነት ገመድ ያዝ፦ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለውን አርሲኤ እና ትልቁን ጃክ። የሆቴሉ ሚክሰር የትኛውን እንደሚቀበል ቀድመህ አታውቅም።

ሃውስ፣ ቴክኖ፣ ትራንስ… ልዩነቱ ምንድን ነው?

በጆሮ ነው የሚለየው፣ ሲወራ ይምታታል። ግን መነሻውን ማወቅ ጥሩ ነው። ሃውስ ከአሜሪካ ቺካጎ ነው የመጣው። ፍራንኪ ናክልስ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ዌርሃውስ በሚባል ክለብ ይጫወት ነበር፣ ስሙም ከዚያ ክለብ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ቴክኖ የዲትሮይት ነው፤ ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይ እና ኬቨን ሳንደርሰን የሚባሉ የትምህርት ቤት ጓደኛሞች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጀመሩት። ሁለቱም ጋ የምትሰማው ደረቅ ከበሮ በአብዛኛው ሮላንድ የሚባል ኩባንያ ከሠራቸው የከበሮ ማሽኖች የወጣ ነው፤ 808 የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1980፣ 909 ደግሞ በ1983 የወጡ። ማሽኖቹ ሲወጡ ብዙ ሰው አልፈለጋቸውም፣ ዋጋቸው ወረደ፣ ብር የሌላቸው ልጆች ያገለገሉትን ገዝተው ይህን ሁሉ ሙዚቃ ሠሩ። ይህን ለድሬ ልጆች ስነግር ደስ ይለኛል። አማፒያኖ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ነው፣ ከላፕቶፕ እና ከሰፈር ነው የተነሳው።

በፍጥነት ብትለያቸው ደግሞ በደቂቃ ስንት ምት ነው ብለህ ትቆጥራለህ። አማፒያኖ 112 አካባቢ ነው። አፍሮ ሃውስ ከ118 እስከ 124፣ ሃውስ ከ120 እስከ 128፣ ቴክኖ ከ125 እስከ 145፣ ትራንስ ከ130 እስከ 140፣ ድራም ኤንድ ቤዝ 174 አካባቢ። መጀመሪያ ላይ ከእነዚህ አንድ ሰፈር ምረጥና እዚያው ቆይ። እኔን ከጠየቅከኝ አፍሮ ሃውስን እመክራለሁ፤ ፍጥነቱ ለመማር አይከብድም፣ ከበሮውም ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም።

ሁለት ዘፈን ሳይጋጭ እንዴት ነው የሚገናኘው?

እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንሂድ፣ ሥራው ያለው እዚህ ነው።

ሃውስ በአራት ይቆጠራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ በእያንዳንዱ ላይ ኪኩ (ወፍራሙ ከበሮ) ይመታል። አራቱ ምት አንድ ባር ነው። ስምንት ባር ሲሞላ፣ ማለትም 32 ምት ሲያልቅ፣ ዘፈኑ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር ይለውጣል። ሃይ ሃቱ (ቀጭኑ “ጽ ጽ” የሚለው ድምፅ) ይገባል፣ ወይም ቤዙ ይወጣል፣ ወይም ድምፃዊው ይጀምራል። ዘፈኑ 120 ላይ ከሆነ 32 ምት 16 ሴኮንድ ነው። ይህን ሳትቆጥር እስክታውቀው ቁጠር። ሁለተኛውን ዘፈን የምታስገባው አዲሱ 32 በሚጀምርበት “አንድ” ላይ ነው። መሃል ላይ ካስገባኸው ምቱ ቢገጥምም ሰው የሆነ ነገር እንደተበላሸ ይሰማዋል፣ ምን እንደሆነ ባያውቅም።

አሁን አንደኛው ዘፈን በስፒከር እየሄደ ነው እንበል። ሁለተኛውን በሄድፎን በአንድ ጆሮህ ስማ። የመጀመሪያውን ኪክ ፈልገህ እዚያ ላይ አቁመው። “አንድ” ሲመጣ ልቀቀው። ሁለቱ ኪኮች ከተገናኙ አንድ ወፍራም “ዱም” ብቻ ትሰማለህ። ካልተገናኙ “ዱዱም፣ ዱዱም” ይላል፣ እየቆየ ሲሄድም ክፍተቱ ይሰፋል። የትኛው እንደቀደመ ወዲያው ካልገባህ አትጨነቅ፤ የሁለተኛውን ጎማ (ኮንትሮለሩ ላይ በእጅ የሚዞረውን ክብ) ወደፊት ትንሽ ገፋ አድርገው። ከባሰበት እሱ ነበር የቀደመው፣ ስለዚህ ያዝ አድርገውና የፍጥነቱን ፌደር በጣም በትንሹ ቀንስ። ከተሻለ ደግሞ ወደኋላ ቀርቶ ነበር፣ ፍጥነት ጨምርለት። እንደገና ከ“አንድ” ጀምር። አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳይለያዩ ከሄዱ አግኝተኸዋል።

ቀጥሎ ቤዝ ነው። ሁለት ቤዝ አንድ ላይ እንዳትከፍት። ስፒከሩ ያጉረመርማል፣ ሁሉም ነገር ጭቃ ይሆናል። የሚገባውን ዘፈን ቤዝ ቀድመህ ዝጋው፣ ፌደሩን ቀስ እያልክ አንሳ፣ ሃይ ሃቱና ድምፁ ብቻ ይግባ። አዲሱ 32 ሲጀምር የፊተኛውን ቤዝ ዝጋና የአዲሱን ክፈት። በዚያች ቅጽበት ሰዉ ትከሻውን ሲያነሳ ታየዋለህ። የፊተኛው ከዚያ በኋላ በሰላም ይወጣል።

ሲንክ መጫን ማጭበርበር ነው?

አይደለም። ሲንክ የሚለውን ስትጫን ሶፍትዌሩ ምቱን ያገናኝልሃል፣ ዘፈኑን ግን አይመርጥልህም። ሆኖም መጀመሪያ በጆሮህ ተማር። ሶፍትዌር ምት በስህተት ሲያነብ፣ ወይም የሆቴሉ አሮጌ ሲዲ ማጫወቻ ላይ ሲንክ ሳይኖር ሲቀር የሚያድንህ ጆሮህ ነው። ለሀገር ቤት ዘፈን ደግሞ ሲንክ ብዙ ጊዜ አይሠራም፣ ወደዚያው ልሂድ።

የሀገር ቤት ዘፈን ከሃውስ ጋር ይቀላቀላል?

ይቀላቀላል! እኔ ለምን ይህን ሥራ እንደምወደው የምትጠይቁኝ ከሆነ መልሱ እዚህ ነው ያለው። ድሬ ላይ አንድ አዳራሽ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ የሚዘፈንለት ሰው አብሮ ይቆማል። አሊ ቢራ የተወለደባት ከተማ ናት። ዲጄው ከአፍሮ ሃውስ ወደ ኦሮምኛ፣ ከዚያ ወደ ሶማሊኛ ሳያቋርጥ ሲሻገር፣ ጥግ ይዘው ተቀምጠው የነበሩ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ሲነሱ አይቻለሁ። ይህን የሚችል ዲጄ ከሌላ ከተማ ማስመጣት አይቻልም።

ችግሩ ምቱ ላይ ነው። ጭክጭካ፣ ማለትም የሀገር ቤቱ የጭፈራ ምት፣ በስድስት የሚቆጠር ነው። ትልቁ ምት ሁለት ነው፣ በእያንዳንዱ ትልቅ ምት ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምቶች አሉ። ሃውስ ግን በውስጡ በሁለትና በአራት ይከፈላል። ሶፍትዌሩ ይህን ሲያይ ሊምታታበት ይችላል። ትልቁ ምት 120 የሆነ ዘፈን 180 ወይም 90 ብሎ ሊያነብልህ ይችላል። እሱን አትመነው፤ በእግርህ መሬት እየመታህ ራስህ ለካው፣ ቁጥሩንም በእጅህ አስተካክል። የሃውሱን ኪክ ከጭክጭካው ትልቅ ምት ጋር ነው የምታገናኘው።

ሁለተኛ፣ የሃውሱን ሃይ ሃት አውጣው። ሃይ ሃቱ በሁለት ሲከፍል ጭክጭካው በሦስት ስለሚከፍል ይጋጫሉ። ኪክ ብቻ የቀረበትን ቦታ ፈልግ፣ አራት ምት ሉፕ አድርግ (እየደጋገመ እንዲዞር)፣ በላዩ ላይ ጭክጭካውን አምጣ። ኪኩና ጭብጨባው ብቻ ሲቀሩ እንዴት እንደሚያምር ሞክረህ እየው።

ሦስተኛ፣ የድሮ ዘፈኖች ከበሮ መቺ በእጁ የመታቸው ናቸው። ሞቅ ሲለው ይፈጥናል፣ ዘፋኙ ሲያዝን ይዘገያል። ስለዚህ አንድ ደቂቃ ሙሉ አብረህ ልታስኬዳቸው አትሞክር፤ በስምንት ምት ቶሎ ተሻገር፣ እጅህም ከጎማው ላይ አይነሳ።

ዜማን በተመለከተ ደግሞ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ሜጀርና ማይነር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ናቸው፣ ስለዚህ የሚሰጥህን የዜማ ቁልፍ (ኪይ) ቁጥር እንደ ፍንጭ ብቻ ውሰደው። በሄድፎን ሁለቱን አብረህ ስማ፤ ከጎረበጠህ ሰውንም ይጎረብጠዋል። አንቺ ሆዬ ላይ በተለይ ከበሮ ብቻ ያለው ቦታ ላይ ካልሆነ ሌላ ዜማ አታስገባ።

መንገዱን የጀመሩልን ሰዎች አሉ። ሮፍናን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው አልበም የሀገር ቤትን ዜማና ምት ከኤሌክትሮኒክ ጋር አጋጥሞ በመላ ሀገሪቱ አስጨፍሯል፤ እሱም ከዲጄነት ነው የተነሳው። ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚለው ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ የተባለ ሙዚቀኛ እና ሚካኤል ሰይፉም ከዚያ በፊት ጀምሮ ሠርተዋል። ስሟቸው።

ዘፈን ከየት ላምጣ? ከዩቲዩብ ቀድቼ ብጫወትስ?

ለልምምድ ቤትህ ውስጥ የፈለግከውን አድርግ። ትልቅ ስፒከር ላይ ግን ይታወቅብሃል። ከዩቲዩብ የተቀዳ ዘፈን አንዴ ከተጨመቀ በኋላ “320” (ከፍተኛው የኤምፒ3 ጥራት) ተብሎ ቢቀየርም የጠፋው አይመለስም፤ ፋይሉ ብቻ ነው የሚያብጠው። በስልክ ስፒከር ልዩነቱ አይሰማህም። አዳራሽ ውስጥ ግን ከጥሩ ፋይል ቀጥሎ ስታጫውተው ሃይ ሃቱ የፉጨት ያህል ይቀራል፣ ቤዙም ይላላል።

ባንድካምፕ ላይ ብዙ አርቲስቶች “የፈለጋችሁትን ክፈሉ” ብለው ያስቀምጣሉ፣ ዜሮም ይቀበላል። ሳውንድክላውድ ላይ ራሱ ባለቤቱ በነፃ አውርዱ የሚልባቸው ብዙ ጥሩ ሥራዎች አሉ። ቢትፖርት ዋናው መደብር ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚጠይቅ ውጭ ያለ ዘመድ ካለህ በልደትህ ዘፈን ግዛልኝ በለው። 320 ኪሎቢት ኤምፒ3 በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ነው፣ ስድስት ደቂቃ ዘፈን 15 ሜጋባይት አይሞላም። የሌሊት ጥቅል ገዝተህ ማውረድ ትችላለህ።

የሀገራችን ዘፋኞች ሥራ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። እዚሁ ከተማ ያለ ልጅ የሠራው ከሆነ ደግሞ ደውልለት። አብዛኛዎቹ ራሳቸው ጥሩውን ፋይል ይልኩልሃል፣ ዘፈናቸው እንዲጫወትላቸው ነው የሚፈልጉት።

ፍላሽህን ፋት32 አድርገህ ፎርማት አድርግ። አሮጌ ማጫወቻዎች ኤክስፋትን አያነቡም። እና ሁለት ፍላሽ ያዝ፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ዘፈን ይኑር።

ሙቀቱ፣ አቧራው፣ መብራቱስ?

ይህን የውጭ ቪዲዮዎች አይነግሩህም። ብዙ ኮንትሮለሮች መመሪያቸው ላይ ከ5 እስከ 35 ዲግሪ እንዲሠሩ ነው የሚለው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ቀን 35 ያልፋል፣ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። የቀን ሰርግ ከሆነ እቃህን ፀሐይ በማይዞርበት በኩል አስቀምጥ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥላ የነበረው ቦታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፣ ቀድመህ እየው። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ልብስ ላይ አይቀመጥ፣ ከሥሩ አየር ይፈልጋል፤ ሁለት እንጨት ከፍ አድርጎ ቢይዘው ይበቃል። ትንሽ ቬንትሌተር ወደ ላፕቶፑ ይዙር። አንተ ትችላለህ፣ እሱ አይችልም።

የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ንፋስ ሲነሳ የትም ይገባል፣ ፌደር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ያ መንኮሻኮሽ ይጀምራል። ሥራ ሳትሆን እቃውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍን። በለስላሳ ብሩሽ አጽዳ፣ ውሃ አታስነካ። ለስላሳና ቢራ እቃው አጠገብ የሚያስቀምጥ እንግዳ ሁሌም አለ፤ በትሕትና አንሳለት።

መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ከእሱ ኃይል የሚወስደው ትንሽ ኮንትሮለርም እንዲሁ፤ ዝም የሚለው ስፒከሩ ነው። ያኔ ሮጠህ የስፒከሩንና የአምፕሊፋየሩን ማብሪያ አጥፋ። መብራቱ ሲመለስ በድንገት ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፣ ብዙ ስፒከር የተቃጠለው በዚያች ደቂቃ ነው። ስታበራ ስፒከር መጨረሻ፣ ስታጠፋ ስፒከር መጀመሪያ። ይህ ቅደም ተከተል አይለወጥ። ስታቢላይዘር ያለበት ቤት ከሆነ እቃህን በእሱ በኩል ሰካ፣ ከማቀዝቀዣና ከምጣድ ጋር ግን አንድ ማከፋፈያ ላይ አትሰካ።

እቃው ላይ የድምፁን መጠን የሚያሳየው መብራት ቀይ ላይ እየደረሰ ነው፣ ችግር አለው?

አለው። አረንጓዴ፣ አልፎ አልፎ ቢጫ፤ ቀይ ሲነካ ድምፁ እየተቆረጠ ነው፣ ስፒከሩም እየተጎዳ ነው። ድምፅ አነሰ ሲሉህ ከስፒከሩ ወይም ከአምፕሊፋየሩ ላይ ጨምር እንጂ ከአንተ አትግፋው።

ጆሮዬስ?

ጆሮህ ከሄደ አይመለስም። የሠራተኛ ጤና ባለሙያዎች 85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ላይ በቀን ለስምንት ሰዓት ያህል ይፈቅዳሉ፤ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ክለብ ውስጥ 100 ማለት ብርቅ አይደለም። ከፋርማሲ የስፖንጅ መድፈኛ ግዛ፣ ኪስህ ውስጥ ይኑር። ስፒከሩ ፊት ለፊትህ እንዳይዞር አድርግ። ቤት ገብተህ ጆሮህ እየጮኸ ከሆነ ያ ምሽት በዝቶብሃል ማለት ነው፣ በማግሥቱ ሄድፎን አትንካ።

የት ነው መጫወት የምጀምረው?

የጓደኛ ልደት፣ የትምህርት ቤት ምርቃት፣ የሰፈር ሰርግ። ክለብ በኋላ ይመጣል። ከተማዋ ውስጥ የሚሠራ ዲጄ ፈልግና እቃ ላግዝህ በለው፤ ገመድ ስትዘረጋ፣ ስፒከር ስትሸከም ሰው ያውቅሃል፣ ሥራውንም ታያለህ። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ማንም ሳይመጣ ጀምርልኝ ይልሃል። ያንን ሰዓት አትናቀው። ዝግ ያለ፣ ሰው እያወራ የሚሰማው ሙዚቃ ተጫወት፤ ዋናው ዲጄ ሲመጣ ሰዉ እንዲሞቅ እንጂ እንዲደክም አታድርግ።

የሥራ ወቅት አለው። ጥርና ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ይበዛል። ሑዳዴና ረመዳን ላይ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ ተለማመድ፣ ዘፈን አደራጅ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል፦ አዛን ሲሰማ ሙዚቃውን አቁም፣ እስኪያልቅ ጠብቅ። ማንም እስኪነግርህ አትጠብቅ። ድሬም ሐረርም እንደዚያ ነው የሚኖረው፣ ታላላቆቹም ለዚህ ያመሰግኑሃል።

ስንት ብር ልጠይቅ?

የመጀመሪያዎቹን ሥራዎች በትራንስፖርትና በምሳ ሥራ፣ ግን በነፃ አትልመድ። ዋጋ ከተስማማህ በኋላ ቀብድ ተቀበል፣ የሚጀመርበትንና የሚያልቅበትን ሰዓት በቴሌግራም አስጽፍ። “ትንሽ ጨምርልን” ሲሉ ሌሊቱ እንዳያልፍ ነው። ስፒከር የማን እንደሆነ፣ ጄኔሬተር መኖር አለመኖሩንም ቀድመህ ጠይቅ።

ሴት ነኝ። ድሬ ላይ ይከብደኛል?

እህቴ፣ ሥራው ራሱ አይከብድሽም፤ ምት የሚቆጥረው ጆሮ ነው። የሚከብደው ሌሊት መመለስ ነው፣ እሱን አስቀድመሽ አስተካክዪ፦ የምታውቂው ባለ ባጃጅ፣ አብሮሽ የሚሄድ ሰው፣ ቤት የሚያውቀው ሰዓት። የሴቶች ብቻ የሆነ የሰርግ ዝግጅት ደግሞ እዚህ ብዙ ነው፣ እዚያ ወንድ ዲጄ አይገባም። ሴት ዲጄ ብትኖር ከሁላችንም በላይ ሥራ ይኖራታል። በዚያ ጀምሪ።

ልጄ ዲጄ ልሁን ይላል። ምን ላድርገው?

እማማ፣ አይደንግጡ። ይህ ሙዚቃ ቁጥር ነው፣ ትዕግሥት ነው፣ ሰዓት ማክበር ነው። ትምህርቱን ሳይተው በቀን አንድ ሰዓት ቢለማመድ አይጎዳውም። የሚያሳስብዎት የሌሊቱና የመጠጡ ነገር ከሆነ ልክ ነዎት፣ እኔም ያሳስበኛል። ከማን ጋር እንደሚሠራ ይወቁ፣ ይተዋወቁት። ሥራ ላይ የማይጠጣ፣ የማይቅም ዲጄ ብዙ አለ፤ ከእነሱ ጋር ይዋል። አንድ ቀን የዘመድ ሰርግ ላይ እንዲጫወት ይፍቀዱለትና ቁጭ ብለው ይዩት።

ተጫወትኩ፣ ሰዉ ግን እየተወ ተቀመጠ። ምን ላድርግ?

ዘፈኑን በድንጋጤ አትቁረጠው። ሰው የሚጠጣበትና የሚያወራበት ጊዜ ይፈልጋል፣ ሁለት ዘፈን ያህል ታገሥ። ከዚያ ዓይንህን ከስክሪኑ አንሳና እግር እይ። ተቀምጠውም እግራቸው የሚመታ ካለ ፍጥነቱ ትክክል ነው፣ ዘፈኑን ብቻ ቀይር። እግሩ ዝም ካለ ፍጥነቱ ነው ያልያዛቸው፣ ትንሽ ውረድ። 126 ላይ ከነበርክ ወደ 118 ተመለስ፣ ድምፃዊ ያለበት፣ የሚታወቅ ነገር አምጣ።

አንድ ሰው መጥቶ “ይህን ዘፈን ክፈት” ቢልህ አትቆጣ። የጠየቀው ዘፈን ባይሆንም አንድ ነገር ነግሮሃል፤ ሶማሊኛ ከጠየቀ ጠረጴዛው ሁሉ እየጠበቀው ሊሆን ይችላል። “ከሁለት ዘፈን በኋላ” በለውና ቃልህን ጠብቅ። መጀመሪያ የሚነሱት ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ሴቶች ናቸው፣ ወንዶቹ ይከተላሉ። እነሱን ያስነሳውን ዘፈን አስታውስ፣ ከሱ ጋር የሚሄዱ ሦስት ሌሎችን ወዲያው አሰልፍ፣ ወደ አዲስና ወደማይታወቅ ሙዚቃ የምትመለሰው ከዚያ በኋላ፣ መድረኩ ጥቅጥቅ ሲል ነው።